ነጥቦቹ የተሰለፉበት ቅዳሜ

ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ዓለም ገና፣ መንገድ ዳር፣ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሠርቻለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ በፊደል አልመካም፤ በዓይኔ ግን እመካለሁ። ነጭ ክር ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ልብስ ሰፊ ያውቃል። ክሩን ከጨርቁ ጎን አድርጌ፣ ይኼኛው ደመቅ ይላል፣ ያኛው ፈዘዝ ይላል እያልኩ ነው ልጆች ያሳደግኩት።

እርጅና ሲመጣ ወደ ሱሉልታ ተዛወርን። ሁለቱን ክፍል ያከራየናት ሴት አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ታስተምራለች። ጠዋት እንጦጦን ተሻግራ ትወርዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፤ በጥቅምት ወር፣ አንድ ማታ ግቢው ውስጥ ቆመን፣ በጫንጮ በኩል አንዲት ኮከብ አሳየችኝ።

«አባባ፣ ይቺ ትፈዛለች፣ ደግሞ ተመልሳ ትደምቃለች። ሁለት ናቸው፤ አንዷ በሌላዋ ፊት ስታልፍ ትጋርዳታለች።»

«በየስንት ጊዜው?»

«እርስዎ ይንገሩኛ! ጎረቤቶቿ አይለወጡም። ከእነሱ ጋር እያስተያዩ ይጻፉ።»

ማስተያየትማ የእኔ ሥራ አይደል! ከዚያ ወዲህ ክረምቱ ሲወጣ ደብተር ይዤ እወጣለሁ። በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ እንደሆነ የለም። ከደማቋ ጎረቤቷና ከፈዛዛዋ መካከል የቱ ጋ እንዳለች ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር እሰጣታለሁ፤ ቀኑንና ሰዓቱን እጽፋለሁ። ባለቤቴ «ሰው በዚህ ዕድሜው ጸሎት ያደርሳል፣ አንተ ኮከብ ትለካለህ» ትለኛለች። እኔ ሁለቱንም አደርሳለሁ። ሦስት ደብተር ሞላሁ።

በቅርቡ ተከራያችንና ሰማይ የሚያዩ ጓደኞቿ የሁሉንም ጽሑፍ ሰብስበው፣ እንዲህ ያለ ነገር ወደሚጠናበት ውጭ አገር ሊልኩ ተነሡ። መላኪያው ቅዳሜ ቀን ስድስት ሰዓት ይዘጋል። የእኔን ሦስት ደብተር ቁጭ ብላ ላፕቶፕዋ ላይ ገለበጠችው። ዓርብ ማታ ስትመጣ ግን ፊቷ ልክ አልነበረም።

«አባባ፣ ቁጥሮችዎን በነጥብ ስስላቸው ነጥቦቹ አልሰበሰብ አሉኝ።»

ጓደኞቿ ምን እንዳሉ ብጠይቃት ሸፋፈነችው። ስጨቀጭቃት ነው የነገረችኝ፤ «አዛውንቱ ዓይናቸው ደክሞ ይሆናል፣ የሳቸው ይቅር» ብለዋታል። እውነቱን ልናገር፣ ወጋኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አየሁ ያልኩትን ሁሉ አላየሁትም ማለት ነው?

ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ ያለው ፕሮግራም የሚሠራውን አስረዳችኝ። ወር አያውቅም፣ ጳጉሜ አያውቅም፤ ቀንን ዝም ብሎ አንድ ሁለት እያለ ወደ ላይ ይቆጥራል። የኮከቧን ዙር፣ ሁለት ቀን ከሃያ አንድ ሰዓት ገደማ መሆኑን ሲነግሩት፣ ሦስቱን ዓመት በዚያ ልክ እያጣጠፈ ዙሩን ሁሉ አንዱን ባንዱ ላይ ያስተኛዋል።

«ገባኝ!» አልኳት። «ባለመስመር ጨርቅ ሲታጠፍ መስመሩ ከመስመሩ ይገጥማል። ካልገጠመ ወይ ጨርቁ ወይ ልኩ ተሳስቷል።»

«እሱን ነው የምልዎት። ይኼው፣ ይዩት።»

አየሁት። ኮከቧ የምትፈዝበት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጎድጎድ ማለት የነበረበት ነገር፣ ነጥቡ ሁሉ እንደ ፈሰሰ ጤፍ ተበትኗል።

እየተነበበ ከደብተሩ ጋር ይመሳከር ተባባልን። እሷ ታነባለች፣ እኔ «ልክ ነው» እላለሁ። ብዙ ሄደን፣ የዛሬ ዓመቱ ጋ ስንደርስ፣ «ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ማታ ሦስት ሰዓት» ብላ ቆመች።

«ኅዳር ሚካኤል ማታ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ኅዳር ሲታጠን? ሰዉ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል በዋለበት? እኔ እኮ ያን ማታ ከታክሲ ወርጄ በራችን ጠፍቶብኝ ነበር! በዚያ ጭስ ኮከብ አዩ?»

«ኧረ በጭሱማ ምን ይታያል! ያን ማታ አልወጣሁም። ይኼ እኮ ለሚካኤል አጥቢያ ነው፤ ጭሱ ገና ሳይነሣ።»

«ታዲያ አሥራ አንድ ነዋ!»

«ከመሸ በኋላ ምን አሥራ አንድ አለ ልጄ? ፀሐይ ከገባች የነገ ነው። ዋዜማው ተቁሞ!»

እጇን ግንባሯ ላይ ጫነች፤ ከዚያ ሳቋ መጣ። «ያ አላህ! እኛስ ብንሆን? የረመዳን ተራዊህ ሶላት የሚጀመረው በዋዜማው ማታ አይደል! ፀሐይ ገብታ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ የነገ ነው። ቤቴ የማውቀውን ላፕቶፕ ፊት ስቀመጥ ረሳሁት!»

ፕሮግራሙ ቀን የሚለውጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ያየሁት ልክ ገብቷል፤ ከዚያ በፊት ያየሁት ግን ሁሉም አንድ አንድ ቀን ወደ ፊት ተገፍቷል።

«ይቃናል ወይ?»

«አንድ ትእዛዝ ነው፣ አባባ።» የማታውን ሁሉ አንድ ቀን ወደ ኋላ ብላ ጻፈችና ተጫነችው።

ምን ልበላችሁ! ነጥቦቹ ብድግ ብለው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ሜዳ ሜዳውን ይመጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል፣ ደግሞ ሜዳ። ከወንበሬ ተነሥቼ እልል ማለቴን ያወቅኩት ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ሲል ነው።

«ኦቦ፣ ማል ተኤ? ምን ተገኘ?»

«ኮከቧ ተገኘች!»

«ጠፍታ ነበር እንዴ?»

እኔ ጣቴን ጎድጓዳው ታች ላይ ተክዬ «ይኼ የጥር ሥላሴ ነው፣ ብርድ የፈጀኝ!» እላለሁ። ተከራያችን ነጥቡን ስትነካው ቀኑ ወጣ፤ እውነትም እሱ ነው። ከመስመር የወጡ ሁለት ሦስት ነበሩ። «እነዚህ ደመና ይሆናሉ» አለችኝ። «አይ፣ እነሱ የእኔ ጥፋት ናቸው» አልኳት፤ ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ዓይኔ ያለቅስ ነበር። እንዳሉ ይሂዱ አልን።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ላከችው፤ ሥዕሉን ለጓደኞቿም ላከችላቸው። ብዙም ሳይቆይ ከጓደኞቿ አንዱ በስልኳ የድምፅ መልእክት ላከላት። «ይቅርታ በይልን፤ የጎድጓዳውን ታች እንደ እሳቸው ያየ የለንም» አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ሁለቴ አሰማችኝ።

ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ ላፕቶፑን አየች፣ እኔን አየች።

«እንግዲህ ዓይንህ ደህና ነው ማለት ነው?»

«ደህና ብቻ!»

«በል» ብላ የምስሩን ሰፌድ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ጠጠሩን ልቀምልኝ።»

የተመሰከረልኝ ለሩቁ ነው፣ ስለ ቅርቡ የተባለ ነገር የለም ልላት ነበር። ግን በዚያ ደስታዬ ላይ እምቢ የሚል አፍ ከየት ይምጣ? ለቀምኩ። ምሳ ላይ ተከራያችን የመጀመሪያውን ጉርሻ ስታኝክ ቀጭ አለ፤ ጉንጯን ይዛ ባለቤቴን አየች፣ ሁለቱም እኔን አዩኝ፣ ሦስታችንም ሳቅ በሳቅ ሆንን።