ከሁሉም በታች ያለችው መስመር

ሕንፃው ከተጀመረ ወዲህ የሥራውን መርሐ ግብር የሚያድሰው እሱ ነው። ከጆሮው ላይ እርሳስ፣ ከሸሚዙ ኪስ ላጲስ አይጠፋም፤ እጅጌው ሁልጊዜ የላጲስ ፍርፋሪ እንደያዘ ነው። ከወንበሩ ሲነሣ እንደ ሽማግሌ ጉልበቱን ይደግፋል፤ ዕድሜው ግን ገና አርባ አልሞላም።

መርሐ ግብሩ በእርሳስ የተጻፈበት ሰፊ ወረቀት ከቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አንዱ ሥራ ሲዘገይ፣ ከሥሩ ያሉትን ቀኖች ሁሉ አጥፍቶ ወደፊት ይገፋቸዋል። ከሁሉም በታች በደቃቅ ፊደል «እማዬ ዘንድ» የምትል መስመር አለች። የዕረፍት ፈቃድ የሚያገኘው ጣሪያው ሲያልቅ ነውና እሷም ከሌሎቹ ጋር ትገፋለች። የእናቱ ዐይን ከወር ወር እየደከመ መሆኑን ግን ለማንም አልተናገረም።

ዛሬ ፎርማኑ ራሱን እያከከ ገባ።

«ወንድሜ፣ ቆርቆሮው አልደረሰም። ሦስት ሳምንት ጨምርልኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቀን ከቤቴ የማመጣ መሰለህ?»

«ላጲስህ እያለ ምን ቸገረህ!»

ፈገግ ብሎ ማጥፋት ጀመረ። ታችኛዋ መስመር ላይ ሲደርስ ወረቀቱ ተፍቆ ተፍቆ ሳስቶ ኖሮ ተቀደደ። በቀዳዳው ግድግዳው ታየ። ጥቂት ዳበሰውና ስልኩን አወጣ።

«እማዬ፣ መምጫዬ ትንሽ ሊገፋ ነው።»

«ግድ የለም ልጄ» አለችው። «ስትመጣ በድምፅህ እለይሃለሁ።»

ስልኩን ዘጋ። ከዚያም ላጲሱን ከፎርማኑ መዳፍ ላይ አኖረ።

«ሦስት ሳምንቱን አንተው ግፋው» አለና ኮቱን አነሣ።