አምስተኛው እርማት

ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ ሳላገኝ ሁለተኛው ክረምት ሲገባ፣ ደብረ ማርቆስ አባቴ ቤት ቁጭ ብዬ የማላውቃቸውን ሰዎች ኮድ አጸዳ ነበር። ኮዱ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ምስል የሚያወጣውን ካርድ የሚያዝዝ ድራይቨር ነው። ኦፕን ሶርስ ስለሆነ ማንም አንብቦ እርማት መላክ ይችላል። እኔ የያዝሁት ትንሹን ሥራ ነው፤ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም፣ የሚደረድራቸውን የማይረቡ ማስጠንቀቂያዎች ማጥፋት። ከሰው ጋር ብዙ አያነጋግርም። ለዚያም ነው የወደድሁት።

"ዛሬስ ምን ሠራሽ?" ይሉኛል አባቴ፣ ከሚያስተምሩበት ቅኔ ቤት ሲመለሱ።

"አንድ መስመር ሰረዝሁ፣ አባባ።"

"አንድ ብቻ? የእኔ ተማሪዎች እንኳ በቀን ከዚያ በላይ ይረሳሉ!"

እርማቶቼን የሚገመግመው ሰው የት አገር እንደሚኖር አላውቅም። አራቱን ከተቀበለልኝ በኋላ፣ "አምስተኛው ከገባ፣ ሥራ ስታመለክቺ የድጋፍ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ" አለኝ። ከዚያ ደብዳቤ ሌላ የምጠብቀው ነገር አልነበረኝም።

አምስተኛው ቀላል መሰለኝ። አንድ መስመር ከካርዱ ላይ ቁጥር አንብቦ ያስቀምጣል፤ የተቀመጠውን ቁጥር ግን የሚጠቀምበት የለም። ኮምፓይለሩም ይህንኑ እየደጋገመ ያስጠነቅቃል። ሰረዝሁት፤ ዝም አለ። መላኪያው ቅጽ ላይ "በካርዱ ላይ ተሞክሯል?" የሚል ጥያቄ አለ። እኔ ካርዱ የለኝም፤ ያለኝ ባትሪው የሞተ የተማሪነት ላፕቶፔ ነው። ለአራቱም "አልተሞከረም" ብዬ ስጽፍ፣ ገምጋሚው ካርዱ ያለውን ሰው ለምኖ አስሞክሮልኛል። ለአምስተኛ ጊዜ ላስቸግረው ይሉኝታ ያዘኝ። "አዎ" ብዬ ጻፍሁ።

በማግስቱ ተቀበለው። አባቴ ያን ቀን ለጎረቤቱ ሁሉ፣ "ለልጄ ከባሕር ማዶ ደብዳቤ ሊጽፉላት ነው" እያሉ አወሩ። በዚያው ሳምንት ኢንተርኔት ተቋረጠ።

ለስንት ሳምንት እንደሆነ አልቆጠርሁም። ደምበጫ ይሠራል ሲባል በሚኒባስ ሄድሁ፤ እዚያም የለም። ኢንተርኔቱ ሲመለስ መልእክቶቹን በተላኩበት ቅደም ተከተል አነበብኋቸው። መጀመሪያ አንድ ሰው ስክሪኑ እንደጠቆረበት ጻፈ፤ ቀጥሎ ሌሎች። ከዚያ ገምጋሚው፣ "በየትኛው ካርድ ነበር የሞከርሽው?" አለ። ከቀናት በኋላ ደግሞ ጠየቀ። ሦስተኛው መልእክቱ አጭር ነበር፤ "ላኪዋ መልስ ስላልሰጠች እርማቱ ተሽሯል።"

ቁጥሩ በእርግጥም አያስፈልግም ነበር። ያስፈለገው ማንበቡ ነው። ካርዱ ቀጣዩን ምስል የሚያወጣው፣ ያ ቁጥር ከላዩ ላይ ሲነበብለት ብቻ ነበር። ካርዱ ያለው ሰው ሞክሮት ቢሆን ኖሮ ገና ኮምፒውተሩን ሲከፍት ያየው ነበር።

እውነቱን ልጽፍለት ተቀመጥሁ። "ካርዱ የለኝም። አፍሬ ነው" የሚሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ልልክ ስል ገጹ፣ "ውይይቱ ተዘግቷል፣ አስተያየት አይቀበልም" አለኝ። በግል የምጽፍበት አድራሻውን አላውቀውም፤ ለመጠየቅም አልደፈርሁም ነበር። የሰረዝሁት መስመር ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ከጎኑ "ይህ እንዳይነካ" ተብሎ ተጽፎበታል።

ኮዱን አውርጄ ኮምፓይል አደረግሁት። ማስጠንቀቂያው እንደ ድሮው ወጣ። ስክሪኑ ላይ እያየሁት ሳለ አባቴ ጋቢያቸውን እያራገፉ ገቡ።

"ደብዳቤው መጣ?"

"አልመጣም፣ አባባ።"

አጠገቤ ተቀመጡና ፊቴን አዩት። "አይዞሽ የኔ ልጅ፤ ይኸው መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ነው የከረመው። የዘገየው በዚያ ይሆናል።"

ንገሪያቸው፣ ንገሪያቸው አለኝ ልቤ። ለጎረቤቱ ሁሉ ያወሩትን አሰብሁ።

"ይሆናል" አልኋቸው።