የአደይ ለተብርሃን ውሻ

ከኮምቦልቻ የወጣሁ ማታ እናቴ መኪናው ድረስ ሸኝታኝ ዱዓ አደረገችልኝና «አብሽር ልጄ። የሰው አገር ነው፣ አንገትህን ደፍተህ ኑር» አለችኝ። ኤርትራ ነጻ በወጣች ማግስት አስመራ የገባሁት እንዲያ ሆኜ ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ሹሙ ሥራዬን ጠየቀኝ።

«የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችን አስተምራለሁ።»

«ምን?»

«የከብቱን ባለቤት ዘሩንና ሃይማኖቱን አይተው አስቀድመው እንዳይፈርዱበት።»

«ዓጀብ! ይኼን ሊያስተምረን ከኢትዮጵያ ሰው መጣ?» እየሳቀ ማኅተሙን መታልኝ።

ዓባ ሻውል በሚባለው የአስመራ ሰፈር አንዲት መበለት፣ አደይ ለተብርሃን፣ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል አከራዩኝ። ብርዱ ያንገበግባል። ባኒ የሚሉትን ዳቦ በሻሂ ብቻዬን እበላለሁ፤ እኛ ዘንድ ጎረቤት ሳይጠራ ማን ይበላል? ከሁሉ የባሰብኝ ሊዮ የሚባለው ውሻቸው ነው። ከብት እየዳበስኩ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ አንድ ነፍስ ያለው ነገር መንካት አማረኝ። እሳቸው ግን ገና የበሩን ድምፅ ሲሰሙ ሊዮን ጎትተው ጓሮ ያስሩታል፤ ደጃፌንም በውሃ ያጥባሉ። የኢትዮጵያዊ እጅ ተጸየፉ አልኩ። ትምህርቱ ሲዘጋ አገሬ ልገባ ቆረጥኩ።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ያየሁት» እና «የገመትኩት» ብዬ ጻፍኩ። ሚኪኤል የሚባል ደገኛ ተማሪ «ቆለኛ የግመሉን በሽታ ይደብቃል» አለ።

«አይተሃል ወይስ ገምተሃል?»

«እርስዎስ መምህር?» ብሎ ጥያቄውን መለሰልኝ።

የውሻውን ነገር ነገርኳቸው።

«ታዲያ ጠየቋቸው?»

አልጠየቅኳቸውም። ያን ዕለት ከፌርማታው በቀጥታ ወደ ቤት ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«እወ፣ አስረዋለሁ» አሉ አደይ ለተብርሃን። «ከእስላም ጎረቤት ጋር ነው ያደግኩት። ውሻ ከነካህ ለሶላት መታጠብ አለብህ፤ በዚህ ብርድ እንዳትቸገር ብዬ ነው ወደይ፣ ልጄ። ደጃፍህንም እሱ ስለሚተኛበት ነው የማጥበው።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አንተስ መቼ ቀና ብለህ ዐየኸኝ?»

ዕንባዬ መጣ። መታጠቡ የእኔ ሥራ ነው፣ እታጠባለሁ፣ እባክዎ ይፍቱት አልኳቸው።

በማግስቱ ከቴሌ ደውዬ ውሌን እንደማድስ ለእናቴ ነገርኳት። «ሰው ለመድክ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ማታ ገባሁ። ሊዮ ሳይታሰር ደጃፌ ላይ ተኝቷል። ቁጭ ብዬ እጄን ዘረጋሁና ጠራሁት። ተነሣ፣ አየኝ፣ ከዚያም ማንም ሳይጎትተው ጓሮ ሄዶ ገመዱ አጠገብ ተኛ።