ድንቄና የአውራ ዶሮው እሾህ

ድንቄ በገዛ ቤቷ እስረኛ የሆነችው በ2015 ከፋሲካ በኋላ፣ ባሏ ይሁዳ በሞተ በሰባተኛው ወር ነበር። ያሰራት ሰው አይደለም፤ ይሁዳ ከጫጩትነቱ ያሳደገው ቀይ አውራ ዶሮ ነው። እስራኤል አገር፣ ሀዴራ ከተማ ውስጥ የተከራዩት ምድር ቤት በአንዲት ጠባብ ግቢ በኩል እንጂ ሌላ መውጫ የለውም። ድንቄ ብቅ ስትል አውራው የአንገቱን ላባ ነፍቶ ይመጣባታል። ከእግሩ ኋላ የበቀለው እሾህ ከአውራ ጣት አያንስም፤ ሁለት ጊዜ ባቷን ወግቷታል። መጀመሪያ መጥረጊያ ይዛ ትወጣ ነበር፤ በኋላ መውጣቱንም ተወችው።

ፎቅ ላይ የምትኖረው ራያ ቆሻሻ ልትጥል ስታልፍ አውራው በወጋት ጊዜ ግን ነገሩ ከበደ። የሕንፃው ኮሚቴ ዶሮው እስከ ሰኞ ጉዳት የማያደርስ ካልሆነ ይወገድ ብሎ ወሰነ። ልጇ ማታን ከሚኖርባት ከነሸር ከተማ መጥቶ ለአራጁ እንስጠው አላት፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱን ለቃ እሱ ጋ እንድትገባ ነገራት። ድንቄ የፈራችው ይህንኑ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በሰው ቤት፣ በልጅ ልጆች አልጋ ጥግ እስክትሞት መቀመጥ። ዶሮው ከሄደ ደግሞ እዚህ ልቆይ የምትልበት ሰበብ አይኖራትም።

ይሁዳ ጎንደር ሳለ ቀጥቃጭ ነበር። የተናካሽ አውራ እሾህ በጋለ ብረት ከሥሩ ሲተኩስ አይታለች። አንዴ ከተተኮሰ አይበቅልም፤ ዶሮው ግን ከጩኸቱ ብዛት ድምፁ ተዘግቶ ይሰነብታል። ያን ሽታ ስላልረሳችው በዚህኛው ላይ አላስቻላትም። ይሁዳ የማረሻ ጫፍ ይስልበት የነበረውን ሞረዱን አወጣች። የቀጥቃጭ ሚስት ናት፤ ሹል ነገር ሁሉ በሞረድ ይገራል ብላ ታምናለች። አውራውን ብርድ ልብስ ጥላበት ያዘችውና ሞረዱን በአንዱ እሾህ ላይ ሦስት ጊዜ ሳበችው። በአራተኛው ደም ፊን አለ። እሾህ እንደ ብረት እስከ ውስጡ አንድ ዓይነት መስሏት ነበር።

የማታን ሚስት ረዑት ተጠርታ ደረሰች። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ የሽማግሌዎቹን ጥፍር የምታሳጥር እሷ ናት። ደሙን በኮርንፍሎር፣ በነጩ የበቆሎ ዱቄት፣ ጫን ጫን አድርጋ አቆመችና ሞረዱን አገላብጣ አየችው።

«እማዬ፣ በዚህ ልታርሺው ነው?»

«አባትሽ ስንቱን ስሎበታል።»

«አባዬ የሳለው ብረት ነው። ይሄ ውስጡ ሥጋ አለው።»

ድንቄ በምራቷ «አንቺ» መባሏ ቢከነክናትም ዋጥ አደረገችው። ረዑት ቁስሉ ጥቂት ቀን እንዲደርቅ ተወችና እሑድ ተመለሰች። ዶሮውን በፎጣ ጠቅልላ ራሱን በካልሲ ሸፈነችው። ጨለማ ሲሆንበት ጸጥ አለ። ደህናውን እሾህ ዘይት ቀባችና ስስ የጥፍር መሞረጃ ለአማቷ ሰጠቻት። ጫፉን ብቻ፣ ጥቂት ጥቂት፤ ጣት ሲዳስሰው መሞቅ ከጀመረ ሕያው ሥጋው ቀርቧልና ማቆም ነው አለቻት። ድንቄ ጫፉ እንደ ምስር ድብልብል እስኪል ድረስ ሠራች። የቆሰለው ቀድሞውኑ አጥሮ ነበር፤ እሱን አልነኩትም።

ሰኞ ራያን ጠርታ፣ አውራውን ታቅፋ፣ እሾሁን አስዳሰሰቻት። ራያ ከባሌ ጥፍር ይሻላል ብላ ሳቀች። ኮሚቴውም ውሳኔውን አነሳ።

ማታን በማግስቱ ደወለ። ቤሰደር፣ እሺ፣ ዶሮው ይቆይልሽ፣ አንቺ ግን ለበጋው እንኳ እኛ ጋ ነይ አላት።

«አልችልም» አለችው። «በየሁለት ወሩ ይሞረዳል። ከእኔ እጅ በቀር አይረጋም።»

«እስከ መቼ?»

«አባትህ፣ አውራ ዶሮ እስከ ስምንት ዓመት ይኖራል ብሎኝ ነበር። ይሄ ገና ሦስቱ ነው።»

«አምስት ዓመት ሙሉ፣ እማ?»

ልጇን እንቢ ለማለት ያቀረበችው ቁጥር በራሷ ጆሮ የተፈረደባት የእስር ዓመት መሰለ። ቢሆንም ከአምስቱ አንዱንም አልቀነሰችለትም።