የልት ሥር

ማርሽሜሎ የሚሉትን ነገር የቀመስኩት በስተርጅና ነው። ቆቦ የምታስተምረው የእህቴ ልጅ አንድ ፌስታል ይዛ መጣች። ነጭ፣ ልፍስፍስ ያለ ከረሜላ ነው፤ እንደኔ ጥርስ ለሌለው ሰው ታስቦ የተሠራ ይመስላል። እኔ የማላውቀውን ነገር ስሙን ሳልጠይቅ አልውጥም።

«ማርሽ ረግረግ ማለት ነው» አለችኝ። «ሜሎ ደግሞ ተክል ነው፤ አክስቴ፣ እናንተ ልት የምትሉት ዘመዱ ነው። ድሮ ግብፆች ሥሩን ከማር ጋር እያፈሉ ጉሮሮው ለታመመ ሰው ይሰጡት ነበር። በኋላ ፈረንሳዮች ከእንቁላል ነጭና ከስኳር ጋር እየመቱ ከረሜላ አደረጉት። ዛሬ ሥሩ የለበትም፤ ስሙ ብቻ ነው የቀረው።»

ከማር ጋር! ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

በስልሳ አምስቱ ክፉ ቀን ጎሊና ወንዝ ዳር ነበርን። ማሽላው እሸት ሳይሆን ደረቀ። አባቴ የተረፉትን ከብቶች ይዞ ወደ አፋር ወርዶ ቀረ። እናቴ፣ እኔና ገና ጡት የጣለች እህቴ ብቻችንን ሆንን። የእህቴ አፍ ውስጡ ቆስሎ፣ ጉሮሮዋ ተዘግቶ፣ ከገለባ የጋገርነው ቂጣ አልወርድ አላት። ውሃ እንኳ ስንሰጣት ታለቅሳለች። ሞት ቤታችን እንደገባ እናቴም እኔም ገብቶን ነበር።

ወንዙ ሲሸሽ የተዋት አንዲት ረግረግ ነበረች። እናቴ እዚያ ልት አግኝታ ሥሩን በጥፍሯ ቆፍራ አመጣች። በደህናው ጊዜ ልት ወቅጠን የከብት ቁስል ላይ ነበር የምናደርገው፤ ሰው በላው ቢባል ነውር ነው። በሩን ገርበብ አድርጋ ቀቀለችው። እንደ ተልባ የሚያሟልጭ ውሃ ወጣው፤ ለአንዲት ሕፃን እንኳ በቅጡ የማይበቃ።

በዚህ መሀል ጎረቤታችን እሳት ልትጭር መጣች። ገል በእጇ ይዛለች፤ ልጇን አዝላለች።

እኛ አገር ድስት ተጥዶ የደረሰ ሰው ሳይጋበዝ አይሄድም። የተጋበዘውም ወዲያው እሺ አይልም፤ በልቻለሁ ይላል። ጋባዡ «በሞቴ» ይላል፤ ያም እንደገና እንቢ ይላል፤ ሲለመን ሲለመን ነው የሚቀመጠው። የመጀመሪያው እንቢታ እንቢታ እንዳልሆነ ሕፃን ያውቀዋል።

«ነይ እስቲ፣ አረፍ በይ፣ ቅመሽ» አለቻት እናቴ።

«ኧረ አልሃምዱሊላህ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁ።»

እናቴ ሁለተኛ አልለመነቻትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! «በሞቴ» ብትል ያቺ ሴት ትቀመጣለች፤ ከተቀመጠች ድስቱ ለሁለት ሕፃን ይከፈላል፤ ከተከፈለ ለአንዳቸውም አይሆንም። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ።

ጎረቤታችን ፍሙን በገሉ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ስለ ዝናቡ አወራች። አስፋልቱ ላይ እህል የጫነ መኪና ይመጣል ስለተባለው አወራች። የልጇ አንገት ትከሻዋ ላይ ወድቋል። ቆማ ስትጠብቅ ፍሙ አመድ ሆነ።

«ውይ፣ ጠፋብኝ» ብላ ተመለሰች።

እናቴ ተነሥታ ትልቁን ፍም መርጣ ሰጠቻት። ቀና ብላ ግን አላየቻትም።

«አላህ ይማርልሽ» አለች ሴትዮዋ፤ ሄደች።

እናቴ ጣቷን እየነከረች ስትቀባት እህቴ ያን ውሃ ላሰችው፤ ከዚያ ጠጣችው፤ ወረደላት። እናቴ ሥሩ እስኪያልቅ እየቆፈረች አጠጣቻት። እህቴ ተረፈች።

የጎረቤታችን ልጅ ውሎ ሳያድር ሞተ። ለቅሶ ስንሄድ ምድጃው ባዶ ነው፤ ድስትም አልተጣደበት፣ ትኩስ አመድም የለው። እናቴ የሰጠቻት ፍም ደጃፉ ላይ ጠቁሮ ወድቋል። እሳት ምን ያደርግላታል? የምትጥደው ምን ነበራትና!

እናቴ እግሯ ላይ ወደቀች። «አውፍ በይኝ፣ እህቴ፣ ይቅር በይኝ!»

ሴትዮዋ ክንዷን ይዛ አነሣቻት። «ምን አጠፋሽና? ጠርተሽኝ የለም ወይ? በልቻለሁ ያልኩ እኔ ነኝ» አለቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት፦ «ያንቺዋስ፣ ዋጠችልሽ?»