የእማማ ውቢት ባሌስትራ

ሸሕዲ ከተማ መካኒኩን ኡስታ ሙሐመድጣሂርን የማያውቅ ሾፌር የለም። መኪና ከኋላ ተንኳኳ ሲባል እሱ መጀመሪያ መፍቻ አያነሳም፤ ጭነት መጫኛው ላይ ወጥቶ፣ ጆሮውን ከወለሉ ለጥፎ ይጋደምና «ንዳ» ይላል። ሚስቱ ሪሐና «ባሌን ከቤቱ ፍራሽ የሰው መኪና ይመቸዋል» እያለች ታማዋለች። እውነቱን ለመናገር አይመቸውም፤ ወገቡ ከተበላሸ ቆይቷል። ግን ከሥር ሆኖ የሚያይ ብረቱን እንጂ ላዩ ላይ ያለው ሰው የሚሰማውን አያውቅም ባይ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ሰሊጥ ጫኙ ቢሻው ፒካፑን ይዞ መጣ።

«ኡስታ፣ ኋላው ይንኳኳል፤ አንድ ባሌስትራ ደርብልኝ።»

ይኼ የአገሩ ሁሉ ጥያቄ ነው። የሰሊጥ ጆንያ የሚጭን ሰው መኪናው ከኋላ እንዳይተኛበት ባሌስትራ በሚባለው፣ ከሥር በተደራረበው ብረት ላይ ሌላ ብረት ያስጨምራል። የቢሻውም አምና ተጨምሮለታል።

«ሰሊጡ ገና ማሳ ላይ ነው፤ ምን ልትጭን ነው?»

ቢሻው አቀረቀረ። «እናቴን» አለ።

ገለጉ የሚኖሩት እናቱ፣ እማማ ውቢት፣ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ጎንደር ሄደው ካልታከሙ ዳግም በእግራቸው አይቆሙም ተብሏል። ቢሻው አሳፍሯቸው ሲወጣ ግን ገና ከመንደሩ ሳይርቁ መኪናው እያነጠረ አሠቃያቸው፤ ጮኸው አስመለሱት። «ከእንግዲህ እዚያ ላይ አልወጣም፤ እቤቴ ልሙት» ብለው ማሉ። ቢሻው ጥፋቱ የብረቱ መድከም መስሎታል።

ሙሐመድጣሂር ጭነት መጫኛው ላይ ወጣ። ተጋድሞ አዳመጠ፤ ወርዶ የመኪናውን ኋላ በሁለት እጁ ተጫነና ለቀቀው። አንዴ ተነሥቶ ጸጥ ማለት ሲገባው ይወዛወዛል። ንዝረቱን የሚያበርደው ሾክ አብዞርበር ዘይቱን አፍስሶ ጨርሷል። የባሌስትራው ጫፍ ላይ ያለው ጎማ፣ ጎሚኒው፣ ተበልቶ አልቆ ብረት ከብረት ይጋጫል።

«ያለቀውን እቀይርልሃለሁ። መጨመር ግን የለም፤ እንዲያውም አምና የተደረበውን አወጣዋለሁ። እሱ ለሰሊጥ ነው፤ ጭነቱ ሲቀል ያነጥራል። ጆንያ አጥንት የለውም።»

«ኋላው ቢተኛብኝስ?»

«ይተኛ። እናትህ ስንት ኩንታል ናቸው?»

ቢሻው ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለ።

ሥራው ሲያልቅ ሙሐመድጣሂር ፍራሽ አስነጥፎ ላዩ ላይ ተጋደመ፤ እስከ ገለጉም እንደተጋደመ ሄደ። እማማ ውቢት መኪናውን በበሩ ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እሱ ከአልጋቸው አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«እማማ፣ እኔ የወገብ በሽተኛ ነኝ። ከሸሕዲ እዚህ ድረስ ተኝቼበት መጣሁ። ካመመዎት ልጅዎ እንዲያቆም የጋቢናውን ጣራ እመታለሁ፤ ያን ጊዜ ቤትዎ እንመልስዎታለን።»

አሮጊቷ ዞረው ትክ ብለው አዩት።

«ከጎኔ ትሆናለህ?»

«እሆናለሁ።»

ፍራሹ ላይ አስተኝተዋቸው ወደ ጎንደር ወጡ። ክረምቱ ቦርቡሮት የሄደው መንገድ ላይ ሲደርሱ ሙሐመድጣሂር እጃቸውን ያዘ። ከሥር የሚንኳኳ ነገር የለም፤ መኪናው ዝቅ ብሎ ቀስ ብሎ ይነሣል። እማማ ውቢትም ድምፃቸው ጠፋ። ቢሻው ጩኸታቸውን ሲጠብቅ ዝምታው አስፈራው፤ መኪናውን አቁሞ፣ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ወደ ኋላ ሮጠ። ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጋ ዐይናቸውን ገለጡ።

«ምን ያቆምሃል? ከወደቅሁ ገና ዛሬ እንቅልፍ ቢወስደኝ ትቀሰቅሰኛለህ? ሂድ እንጂ» አሉት።

ቢሻው ግን ወዲያው አልሄደም። ከመኪናው ኋላ ቆሞ ትንሽ አለቀሰ።