በተሰነጠቀ ማጭድ የተገዛ ስም

ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ፣ እስከ 1976 ዓ.ም. ድረስ፣ ማጭዱ የሚባል ሰው አንድ ብቻ ነበር። ገበያ መሀል ሰይድ ተብሎ ቢጠራ ግማሹ ሰው ዞሮ ያያል፤ ተስፋዬ ቢባል ሌላው ግማሽ። ማጭዱ ሲባል ግን ቀና የሚለው አንድ ራስ ነው፤ እሱም ውጫሌ ገበያ ዳር፣ ከቆርቆሮ በረንዳ ስር ካለች የልብስ ስፌት መኪና ላይ። ማጭዱ ኑርዬ በዕድሜው አንድ እፍኝ ገብስ አጭዶ አያውቅም። ልብስ ሰፊ ነው።

ስሙን ያገኘው እንዲህ ነው። እናቱ መሪማ ከሱ በፊት አራት ልጆች ወልዳ አራቱንም ቀብራለች። አምስተኛው በ1949 ሲወለድ የመንደሩ ሴቶች ተሰብስበው “ቤቱን ለምዶታል” አሉ። ሞትን ማለታቸው ነው። ስለዚህ ልጁ መሸጥ ነበረበት። ሽያጩ ደንብ አለው፦ ሕፃኑ በሰፌድ ተደርጎ ከደጃፍ ይቀመጣል፤ የወለደችው ሁሉ ያደገላት ሴት መንገደኛ መስላ ትመጣለች፤ በእጇ ያገኘችውን ትከፍላለች፤ በከፈለችው ነገር ስም ታወጣለታለች። በአካባቢው ስድስት ወልዳ ስድስቱንም ያሳደገች ጎረቤቷ የሺሀረግ ነበረች፤ ክርስቲያን ናት፤ ሞት ደግሞ በሃይማኖት እንደማይመርጥ ሁለቱም ያውቃሉ። ከአጨዳ ስትመለስ በእጇ የነበረው እጀታው የተሰነጠቀ ማጭድ ነው።

“ይሄን የወደቀ ነገር ትሸጪዋለሽ?” አለች፣ ሰፌዱን በእግሯ ጣት ነካ አድርጋ።

“ምን ይረባኛል? ውሰጅው” አለች መሪማ ፊቷን አዙራ።

“በዚች ማጭድ?”

“በዝታ ነው እንጂ!”

እንግዲህ ማጭዱ ተባለ። ሼሁ በጆሮው ሌላ ስም ብለውለታል፤ ያንን ግን ከሼሁና ከአላህ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም።

ልጁ ጡት የሚጠባውም የሚተኛውም እዚያው መሪማ ቤት ነው። በውሉ ግን የየሺሀረግ ነው። መሪማ “ልጄ” ካለችው ሞት ይሰማል። ማጭዲቱ ከመሪማ ጣራ ስር ተሰክታ ትኖራለች፤ አንዲት ሰበዝ አትቆርጥም፤ ወደ የሺሀረግ እጅ የተመለሰች ቀን ሽያጩ ይፈርሳል። ማጭዱም አፍ ሲፈታ የሺሀረግን “እማ” እና “አንቺ”፣ መሪማን “እቴ መሪማ” እና “አንቱ” ማለት ተማረ። ትኩሳት ሲይዘው ታቅፋው የምትውለውን ሴት “እቴ መሪማ፣ አይድከሙ” እያለ አደገ።

ለትዳር ሲደርስም ሽማግሌ የላከችለት የሺሀረግ ናት።

“የልጁ እናት ማተብ አላት አሉ?” ብለው ጠየቁ የልጅቷ አባት።

“አላት” አሉ ሽማግሌዎቹ።

“ታዲያ ለሰርጉ የሚታረደውስ?”

“እሱን ጎረቤቷ መሪማ ታሳርዳለች። እንዲያው በጉርብትና።”

ሁሉም ያውቃል፤ አንድም ሰው አልሳቀም። ኑርሀያት ተሰጠች።

ማጭዱ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር። ለኑርሀያትም አልነገራትም። መሪማ አንድ ጊዜ፣ በስሕተትም ቢሆን፣ “ልጄ” እንድትለው ይፈልግ ነበር።

በነሐሴ 1976 ጓድ ሙሉአለም የሚባል ካድሬ ከደሴ መጣ። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና ለፓርቲው ምሥረታ በዓል አሥራ ሁለት ቀይ ባንዲራ፣ በላያቸው ቢጫ ማጭድና መዶሻ እንዲሰፋ አዘዘ። ትእዛዙን ሊጽፍ እስክሪብቶ አወጣ።

“ስም?”

“ማጭዱ።”

“የሚሰፋውን አይደለም፤ ያንተን።”

“የኔው ነው፣ ጓድ። ማጭዱ ኑርዬ።”

ካድሬው ቀና ብሎ አየው። “መቼ ነው የተወለድከው?”

“በአርባ ዘጠኝ።”

“በአርባ ዘጠኝ! እኛ ማጭድና መዶሻን በሥዕል እንኳ ባላየንበት ዘመን አባትህ ልጁን ማጭድ ብሎ ሰየመ?”

“አባቴ አይደለም፤ ነገሩ እንኳን…”

“ትሕትናውን ተወው” አለ ጓድ ሙሉአለም፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። እውነተኛ እንባ ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ያነበበውን ሁሉ ያመነ ሰው ነው።

በማግስቱ የማጭዱ የሕይወት ታሪክ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተጻፈ። ጸሐፊው ሀምዱ ሥራው ከሚለው ፊት ለፊት “ልብስ ሰፊ” ብሎ ነበር፤ ካድሬው ሰርዞ “ጭቁን ገበሬ” አለው።

“ጓድ፣ ሰውየው እኮ የለበሱትን ሱሪ የሰፋው ነው” አለ ሀምዱ።

“እኛ የምንጽፈው ታሪካዊ አመጣጡን ነው።”

ሀምዱ ለመዝገብ ሟች ነው፤ ስርዝ ድልዝ ያንገበግበዋል። ግን ጻፈ።

የበዓሉ ዕለት፣ በዚያ ዓመት ክረምቱ ሳይዘንብ አልፎ ስለነበር፣ የገበያው ሜዳ አቧራ ነበር። ከቆላው የወጣ የራበው ሰው በዋናው መንገድ ዳር ተቀምጧል፤ ሰልፉ በጓሮ በኩል እንዲዞር ተደረገ። መድረኩ ላይ ከማጭዱ ባንዲራዎች ስር ማጭዱና መሪማ ቆሙ። መሪማ አዲስ ሻሽ አስረዋታል።

“እናታችን መሪማ!” አለ ጓድ ሙሉአለም በድምፅ ማጉያ። “ይህን ጀግና ማጭድ ብለው የሰየሙበትን ምክንያት ሕዝቡ ያውቃል። እርስዎ አንዲት ቃል ብቻ ይበሉልን። ‘ይህ ልጄ ነው’ ብለው ያስተዋውቁን።”

ማጭዱ ሃያ ሰባት ዓመት የጠበቃት ቃል በመንግሥት ትእዛዝ ልትመጣለት ነው። እንዲህ ትመጣለች ብሎ አላሰበም፤ ከመጣች ግን ከየትም ትምጣ።

መሪማ ድምፅ ማጉያውን እንደ እባብ ራስ አየችው።

“እኔ ልጅ የለኝም፣ ጓድዬ” አለች። ድምጿ ከከብት ተራ እስከ እህል በረንዳ ተሰማ። “የወለድኳቸው አራቱ መቃብር ናቸው። ይሄ የየሺሀረግ ነው።”

ካድሬው ወደ ሀምዱ ዞረ።  ከሰው መሀል የሺሀረግ ክንዷን አንስታ ተነሳች።

“አዎ፣ የኔ ነው! እኔ ነኝ በማጭድ የገ…”

ሀምዱ እንደ እብድ ማጨብጨብ ጀመረ። በዚያ ዘመን “ሰው ገዛሁ” ማለት ምን እንደሚያመጣ ሜዳው ሁሉ ገባውና እሱም አጨበጨበ። ሀምዱ ማጉያውን ነጥቆ “በማጭድ ያሳደገችው እናት!” አለ። ጓድ ሙሉአለም ይህንኑ ማስታወሻው ላይ አሰፈረ፤ ለደሴ በሄደው ሪፖርትም የማጭዱ እናት ጓዲት የሺሀረግ ሆነች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ማጭዱ ወደ መሪማ ዞረ።

“እቴ መሪማ፣ አሁን ቢሉት ምን ነበረበት?”

“በዚያ ማጉያ?” አለች ቆም ብላ። “አበድክ እንዴ? ደሴ ድረስ ይሰማል እኮ!”

ሰንበት ብሎ ካድሬው ማጭዲቱ በመሪማ ጣራ ስር እንዳለች ሰምቶ ለኤግዚቢሽን ፈለጋት። መሪማ በሩ ላይ ቆመች፤ አላስገባም አለች። ማጭዱ ከገበያ አዲስ ማጭድ ገዝቶ፣ አመድና ቅባት አሽቶ፣ እጀታውን በመዶሻ ሰንጥቆ ሰጠ። በመስታወት ስር ከነጽሑፉ ተቀመጠ፦ “ገበሬው ጓድ ማጭዱ ኑርዬ በባላባት መሬት ላይ ሲያጭድበት የኖረ ማጭድ።” ከጽሑፉ ውስጥ እውነት የነበረው ስሙ ብቻ ነው።

ስሙ ግን መባዛት ጀመረ። በዚያ ክፉ ዓመት የታመመ ሕፃን ያዘለች ሴት ሁሉ ወደ ስፌት መኪናው መጣች። አራት ወንድምና እህቶቹን ከወሰደው ሞት ያመለጠ፣ ረሀቡንም ያለፈ ስም ነው፤ እንዲያበድራቸው ነው የመጡት። ማጭዱ ምን እንደሚያደርግ ግራ ሲገባው ከባንዲራው የተረፈውን ቀይ ቁራጭ በየሕፃኑ ክንድ አሰረ። በ1977 ብቻ ሀምዱ አሥራ አንድ ማጭዱና ሦስት ማጭዲቱ መዘገበ። ጓድ ሙሉአለም የሕፃናቱን ስምና ቀይ ጨርቅ አይቶ የሰፊው ሕዝብ ንቃት የደረሰበትን ደረጃ በሦስት ገጽ ጻፈ። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ አደጉ። የአምስቱ ስም አጠገብ ሀምዱ በቀይ ቀለም ቀን ጻፈ፤ እሱን ገጽ ከደሴ የጠየቀው የለም።

ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ደግሞ ማጭዱ ዕድሜው ልክ ነበር። ጎረቤቶቹ አስቀድመው አዝነውለት ነበር፤ ሰይድ የተባለ ሰው ‘ሌላው ሰይድ ነው፣ እኔ አይደለሁም’ ሊል ይችላል፣ ማጭዱ የት ይደበቃል? የከተማው ቀበሌ ዝርዝር ሲያወጣ ግን መዝገቡ ገበሬ ስለሚለው “የገበሬ ማኅበር ይመልምለው” ብሎ ተወው። የገበሬ ማኅበሩ መሬትም በሬም የሌለው የከተማ ልብስ ሰፊ መሆኑን አይቶ “ቀበሌው ይመልምለው” ብሎ ተወው። ሀምዱ ስሕተቱን ያውቃል። የተሳሳተ መዝገብ ሲያይ እንቅልፍ የሚያጣው ሀምዱ ያንን አንዱን ሳያርም ሁለት ዙር አሳለፈ። መሪማ ግን ምስጋናውን ለማጭዲቱ ሰጠች።

በ1978 ግንቦት መሪማ ታመመች። ሆዷ ምግብ አልቀበል አለ፤ ከሐይቅ ያመጡላት መድኃኒትም አልረዳት። አንድ ጧት የሺሀረግ መጥታ አልጋዋ ጫፍ ተቀመጠች። ማጭዱ በሩ አጠገብ ነበር።

“መሪማ” አለች የሺሀረግ፣ “ማጭዴን መልሽልኝና ልጅሽን ውሰጅ። ጎልማሳ ሆኗል። ከአሁን ወዲያ ማን ይነካዋል? ጠርተሽው ሂጂ።”



መሪማ ጣራ ጣራውን አየች። ማጭዲቱ ዝጋ እዚያው ነበረች። 

“አሁን?” አለች። “የዱሮው ሞት መንደራችንን ብቻ ነበር የሚያውቅ። የዛሬው ዝርዝር ይዞ፣ መኪና ነድቶ ነው የሚመጣ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ስጠብቀው ኖሬ ዛሬ አፌን ላበላሽ?”

“እቴ መሪማ” አለ ማጭዱ፣ “ውሃ ልስጥዎ?”

ራሷን ደግፎ አጠጣት። ጠጥታ ፊቱን ትኩር ብላ አየችው፤ ከዚያ ወደ የሺሀረግ ዞረች።

“ይሄ ልጅሽ ደግ ነው” አለች። “አላህ ለናቱ ያቆይላት።”

የሺሀረግ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። መሪማ በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ከቀብር ማግስት ማጭዱ ሞቷን ሊያስመዘግብ ጽሕፈት ቤት ሄደ። በሩ ላይ አዲስ የምልምሎች ዝርዝር ተለጥፏል፤ ከውጭ ሞተሩን ያላጠፋ ጭነት መኪና ቆሟል። ሀምዱ መዝገቡን ዘረጋ።

“የሟች ስም?”

“መሪማ እንድሪስ።”

“ዕድሜ?”

“ስድሳ አካባቢ።”

“አካባቢ ብዬ አልጽፍም።”

“ስድሳ አንድ በል።”

ሀምዱ ጻፈ። የሚቀጥለው መስመር ላይ ብዕሩን አቆመ። ማጭዱን አላየውም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ለአንድ ጊዜ እንኳ ትክክሉን መጻፍ ፈልጎ ነበር፤ ቸኩሎም አልጠየቀም።

“ልጆች?”

ማጭዱ በመስኮቱ የመኪናውን ጢስ አየ።

“የሏትም።”

“ያስቀበራት?”

“ጎረቤት ብለህ ጻፈው።”

ሀምዱ ጎረቤት ብሎ ጻፈ፤ ስርዝ ድልዝ አልነበረበትም።